አስር ሰከንድ ከኪቦርዱ ውጭ

መጋቢት 3

ለጓንቴ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ከፖስታው ውስጥ የተራገፈው የሲሚንቶ አቧራ አንድ ክፍል ይለስናል። እባክህ ለጭነት መኪናው ሾፌር ስትሰጠው በፕላስቲክ ጠቅልለው፤ እኔ ሳንባዬን የማሳክምበት ጊዜ የለኝም።

ከጠየቅከኝ ልጀምር። አባባ ደህና ናቸው። ከወር በፊት ትንሽ አሟቸው ነበር፣ ጉንፋን ቢጤ፤ አሁን አልፏል። ራስህ አባትህን ዳኛው እያልክ «ስለ ዳኛው አትጻፊልኝ» ትላለህ፣ ራስህ ደግሞ ከፊርማህ በታች ጉንዳን በሚያህል ፊደል «እንዴት ናቸው?» ትላለህ። የሚነበበውን ጻፍ እንጂ፤ መነጽሬን ሁለቴ አስወለወልከኝ።

ለምን አትደውዪም ላልከው፣ እኔና አንተ ስልክ ላይ ሦስት ደቂቃ ቆይተን አንዳችን በሌላው ጆሮ ላይ ሳንዘጋ ቀርተን እናውቃለን? እማማ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ጻፉት ልጆቼ፣ ብዕር አይጮህም» ያለችው እኛን አይታ ነው። ስለዚህ እጽፋለሁ።

ዛሬ አምስት ማዕድ ቤት ፈትሼ ነው የገባሁት። ዳቦ ቤቱ ውስጥ የዱቄት በርሜል ሥር አይጥ ሞታ አገኘሁ። ባለቤቱ «ትናንት አልነበረችም» አለኝ፣ ዛሬ የተቀጠረች ይመስል። ሌላው ቤት ደግሞ የወለል መወልወያውንና የሰላጣ ማጠቢያውን ሳፋ አንድ አድርገውታል። ይህን ሁሉ ችያለሁ፣ በንጽሕና ተቆጣጣሪነት ሃያ ዓመት እንጀራ የበላሁበት ሥራ ነው። ያልቻልኩት ቤት ስገባ ያየሁትን ነው።

አባባ ኮምፒውተሬ ፊት ቁጭ ብለው ይስቃሉ። ሠላሳ ዓመት ፊሽካ የነፉ፣ ሜዳ ሲገቡ ሃያ ሁለት ጎረምሳ ቀጥ የሚያሰኙ ሰው! ብራውዘር ላይ የሚከፈት ጨዋታ ነው፣ እግር ኳስ ነው ይላሉ። ሁለት ጭንቅላቶች አሉ። አካል የላቸውም፣ አንገት የላቸውም፤ ከአገጫቸው ሥር አንድ አንድ ጫማ ብቻ ተንጠልጥሏል። ዓይናቸው ፈጦ ጥርሳቸው ገጦ እንደ ዱባ ይነጥራሉ። ጎል በገባ ቁጥር ፍየል ትጮኻለች። አባባም አብረዋት። በቁልፎቹ መካከል የዳቦ ፍርፋሪ፣ በፍርፋሪው ላይ ማርማላታ፣ በማርማላታው ላይ ጉንዳን አለ። ሥራ ላይ ብሆን በዚያች ደቂቃ አሽጌ ነበር የምወጣው።

ጉዱ በዚህ አያበቃም። ያ ጥቁር ልባስ ያለው የጨዋታ ሪፖርት መዝገባቸው ትዝ ይልሃል? አውጥተውታል። የነዚያን ዱባዎች ጨዋታ ቀን፣ ሰዓት፣ ውጤት፣ ማስጠንቀቂያ እያሉ ይመዘግባሉ። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ። አንዳንዴ ደግሞ በጨዋታው መሀል እጃቸውን ከኪቦርዱ ላይ ያነሱና ጣራ ጣራ እያዩ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ያኔ ባላንጣቸው ጎል ያገባባቸዋል፤ ግድ የላቸውም። አእምሯቸው እየሄደ ይሆን እያልኩ ሰቀጠጠኝ።

«አባባ፣ ሰው ምን ይላል?» አልኳቸው። «ለሐኪሜ ነው የምጫወተው» አሉኝ። ለሐኪም! ከዚህ የተሻለ ሰበብ አጡ።

አንተ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ነህና ይህን ነገር ከቤቴ የማስወጣበትን ጻፍልኝ። የጨዋታውን አድራሻ ከታች ገልብጬልሃለሁ። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው የሚጀምሩት። ዓይኔ እያየ እንዲህ ሲቀልሉ ማየት አልችልም።

እህትህ

---

መጋቢት 10

ለእትዬ፣

በፕላስቲክ ጠቅልዬዋለሁ። አሁንም አቧራ ካለው ከሾፌሩ ጋር ተነጋገሪ።

ሥራ እንዴት ነው ካልሽኝ፣ ያው ነው። ሲሚንቶ የጫነ መኪና ሚዛኔ ላይ ይወጣል፣ አስር ሰከንድ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ቁጥሩ ይረጋል፣ እጽፋለሁ፣ ይወርዳል። የሚቀጥለው እስኪመጣ ከኮምፒውተሩ ጋር እንፋጠጣለን። ለምን አላገባህም የሚለውን የዘወትር ጥያቄሽን ዘልዬዋለሁ፣ አንቺም ዝለይው።

ስለ ዳኛው ግን አንድ ጊዜ ልጻፍና ይብቃን። አንቺ የዚያን ቀን ሥራ ላይ ስለነበርሽ ያወቅሽው በወሬ ነው። የመሥሪያ ቤቶች ዋንጫ ፍጻሜ፣ የተመደበው ዳኛ ሲያሟሙቅ ቁርጭምጭሚቱ ዞረ፤ እሳቸው ከተመልካች መሀል ተነስተው ፊሽካውን ያዙ። ጓንት አጥልቆ በረኛ የቆመው ልጃቸው መሆኑን እያወቁ! ሰማንያ ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ኳሱን መስመሩ ላይ ያዝኩት። ኳሱ መስመሩን አላለፈም። እሳቸው ወደ መሀል ሜዳ ጠቆሙ፣ ጎል አሉ። ለልጁ አዳላ እንዳይባሉ እኔን አረዱኝ። በወሩ ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ፤ ይኸው ዘጠኝ ዓመት። አላለፈም ብያለሁ፣ አላለፈም።

ወደ ጉዳይሽ ልምጣ። ጨዋታውን መዝጋት ቀላል ነው፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ምን ምን እንደምትጫኚ ተራ በተራ ጽፌልሻለሁ።

አድራሻውን ለማየት ብዬ ከፈትኩት። እውነትሽን ነው፣ የሚቀፍ ነገር ነው። ሥዕሉን የሣለው ሰው እጅ ሊቆረጥ ይገባል። በቀኝ እጅ ቀስቶቹን ተጭነሽ ትሮጫለሽ፣ በግራ እጅ ረጅሙን ቁልፍ ስትመቺ ያቺ አንዷ ጫማ ትራገጣለች፤ በቃ ይኸው ነው። አንዱ ጨዋታ ዘጠና ሰከንድ ነው። ስም አይጠይቅም፣ ቁጥር ይሰጥሻል፤ እኔ «እንግዳ 7» ነኝ። ቀጣዩ መኪና እስኪመጣ አንዴ ተጫወትኩ። አስጠላኝ። ከዚያ ሌላ አንዴ። በዚያ ሰዓት የሚገባው ሰው ጥቂት ስለሆነ ደጋግሞ የሚደርሰኝ «እንግዳ 41» የሚባል ነው። ሰውዬው ጎበዝ ነው፣ ግን ኔትወርኩ ደካማ ሳይሆን አይቀርም፤ ሲጋጨኝ ድርቅ ብሎ ይቆማል። ፍየሏ ስትጮኽ ብቻዬን ሳቅኩ። ሾፌሮቹ በመስኮት አዩኝ። አፈርኩ።

ዝጊው። ለሰው አይሆንም።

ወንድምሽ

እጃቸው ደህና ነው?

---

መጋቢት 16

ለጓንቴ፣

እንዳልከኝ አደረግኩ። ሐሙስ ዕለት፣ እሳቸው ቁርስ ሲበሉ፣ የጻፍክልኝን ተራ በተራ ተጫንኩ፤ ሄደልኝ። ኪቦርዱንም ገልብጬ አራገፍኩት። የወጣውን ነገር አልነግርህም፤ ምሳ በልተህ ይሆናል።

ምን አሉ ካልከኝ፣ ምንም። አራት ሰዓት ላይ ተቀመጡ፣ ነጭ ገጽ መጣ። አንዴ ተጫኑ፣ ሁለቴ ተጫኑ፣ ከዚያ መዝገባቸውን ከፍተው «ጨዋታው ባልታወቀ ምክንያት ተቋርጧል» ብለው ጻፉ። ማንንም አልጠየቁም። እኔ ደግሞ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ሰሃን እወለውላለሁ። አንድ ሰሃን ስንት ጊዜ ይወለወላል?

ከዚያ ወዲህ መስኮት ሥር ነው የሚውሉት። ፍርፋሪ የለም፣ ጉንዳን የለም፣ ፍየል የለም። ቤቱ ንጹሕ ነው። ንጽሕናው ግን አላስደሰተኝም፤ የታሸገ ምግብ ቤት ውስጥ የገባሁ ነው የሚመስለኝ። እኔ ደግሞ ምን ነካኝ?

ስለ እጃቸው የጻፍከው ነገር አልገባኝም። ማን ነው ስለ እጅ ያነሳው? እኔ ስለ ኪቦርድ ነው የጻፍኩልህ። ከፊርማህ በታች «እጃቸው ደህና ነው?» ብለህ የሞነጫጨርከውን አይቼዋለሁ፤ ግን ከምን ተነስተህ እንደሆነ አላወቅኩም። ደህና ነው።

እህትህ

---

መጋቢት 18

እትዬ፣

ሰላምታውን ለሌላ ቀን አቆይቼዋለሁ። ክፈቺው። የዘጋሽውን አሁኑኑ ክፈቺው፤ አከፋፈቱ ከዚህ ወረቀት ጀርባ አለ። ስልኩን ሦስት ጊዜ አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት፤ ከደወልኩ እጮሃለሁ።

ያለፈውን ደብዳቤ ለሾፌሩ ልሰጥ ስል ነበር ያ ነገር ብልጭ ያለብኝ፣ ለዚህ ነው ከፊርማዬ በታች የሞነጫጨርኩት። እርግጠኛ የሆንኩት ግን በማግስቱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ወደ እናንተ የሚመጣ ሾፌር አላገኘሁም። እንግዳ 41 ከኋላ ገፋኝና ድርቅ አለ። ኔትወርክ ነው ብዬ ንቄው ነበር። የሚዛኑ ሰዓት ዓይኔ ሥር ነውና ሳላስበው ቆጠርኩ። አስር ሰከንድ። ድጋሚ ገፋኝ፣ ድጋሚ አስር። አስር ሰከንድ የኔ እንጀራ ነው፣ አልሳሳትበትም። የደከመ ኔትወርክ ቆጥሮ አይቆምም።

ግቢያችን ውስጥ፣ የልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ስንጫወት ትዝ ይልሻል? እሳቸው ሲገፉኝ ማንም ሳይናገር «ጥፋት፣ በራሴ» ብለው እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው እስከ አስር ይቆጥሩ ነበር። እኔ በዚያች አስር ውስጥ አገባባቸው ነበር። አንቺ ጣራ ጣራ ያያሉ ብለሽ የጻፍሽልኝ እሱን ነው። አእምሯቸው አልሄደም። እየቆጠሩ ነው!

ይህ ጨዋታ ዳኛ የለውም፣ ጥፋት የሚባል ነገር አያውቅም። ማንም በማያይበት፣ አንገት በሌለው ዱባ፣ ራሱን የሚቀጣ ሰው በዓለም ላይ ስንት አለ? ተናደድኩ፣ እትዬ። ዘጠኝ ዓመት የተጸየፍኩትን ሰው ሳላውቅ አንድ ሳምንት ሙሉ ወድጄው ከረምኩ። እንግዳ 41 ሲመጣ ምሳዬን እተው ነበር። ስስቅ የነበረው ከሳቸው ጋር ነው።

አሁን ጥያቄዬን በቀጥታ መልሺልኝ። እንግዳ 41 አንድም ቀን ረግጦ አያውቅም። በጭንቅላት ይመታል፣ በደረት፣ ደረት ካለው፣ ይገፋል፤ ጫማዋ ግን ተነስታ አታውቅም። ያ ቁልፍ የግራ እጅ ቁልፍ ነው። የግራ እጃቸው ምን ሆነ? ጉንፋን ነው እንዳትይኝ።

ማን እንደሆንኩ እንዳትነግሪያቸው።

ወንድምሽ

---

መጋቢት 25

ወንድሜ፣

ይቅርታ አድርግልኝ። ይህን ቃል ለመጻፍ ሦስት ወረቀት አበላሽቻለሁ።

ጉንፋን አልነበረም። ስትሮክ ነው። የካቲት መጀመሪያ ላይ፣ ጠዋት ጫማቸውን ሲያስሩ፣ ግራ እጃቸው ክሩን ለቀቀው። ሆስፒታል ስምንት ቀን ተኙ። «ለልጁ ከነገርሽ ልጄ አይደለሽም፤ በርኅራኄ የሚመጣ ሰው አልፈልግም» ብለው አስማሉኝ፤ እኔም ማልኩ። የሰው ማዕድ ቤት ውስጥ የተደበቀውን ሁሉ በባትሪ እየፈለግኩ የማወጣ ሴት፣ የራሴን ከምንጣፍ ሥር ጠርጌ ጨመርኩት። ገዛ ራሴ ቀፈፈኝ።

ይብስ ብሎ ደግሞ «ለሐኪሜ ነው የምጫወተው» ያሉኝ እውነት ነው። እጃቸውን የምታሠራቸውን ፊዚዮቴራፒስት ሄጄ ጠየቅኳት። ጨዋታውን ራሷ ከፍታ ያሳየቻቸው እሷ ናት! ጣቶቻቸውን በላስቲክ ኳስ ማሠራት እምቢ ስላሏት፣ «እንግዲያው በግራ አውራ ጣትዎ ይህን ረጅም ቁልፍ ይምቱልኝ፣ እግር ኳስ ነው» አለቻቸው። «ከሳምንት በላይ አቋረጡ?» ስትለኝ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በሕይወታቸው ዋሽተው የማያውቁ ሰው አንዴ ቢናገሩኝ ሰበብ ነው አልኩ። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ።

ሐኪሙ ምን አለ ካልከኝ፣ ሁለተኛው ከመጣ እንደ መጀመሪያው አይምርም አለ። መቼ እንደሚመጣ ወይም እንደማይመጣ አያውቅም። ያለውን ሁሉ ነግሬሃለሁ፤ ከዚህ በኋላ የደበቅኩት የለም።

ደብዳቤህ በደረሰ ቀን ከፍቼዋለሁ። መሥራቱን ለማየት ብዬ ራሴ አንድ ጨዋታ ሞከርኩ። ከማላውቀው ሰው ጋር ተፋልሜ ስድስት ለዜሮ ተሸነፍኩ፤ ጭንቅላቴ ስድስት ጊዜ በአፍጢሙ ተደፋ፣ ፍየሏ ስድስት ጊዜ ጮኸች። ስድስተኛው ላይ ከት ብዬ ሳቅኩ። እማማ ከሞተች ወዲህ እንዲያ የሳቅኩ አይመስለኝም። ሳቄን ራሴ ሰማሁትና ተጸየፍኩት፤ የዳቦ ቤቱ ሰውዬ ቢያየኝ ኖሮ አይጧን መልሶ ያስገባት ነበር።

አባባ ሲቀመጡ «ያ ሰባት ቁጥር አለ?» አሉ። ማነው እሱ አልኩ፣ እንደማያውቅ ሰው። «በረኛ ነው» አሉኝ። «እዚህ ጨዋታ ላይ ሁሉም ኳስ ሲያሳድድ እሱ ጎሉን ትቶ አይሄድም። ግን መስመሩ ላይ ነው የሚቆመው። ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ።» ማን እንደሆንክ አልነገርኳቸውም። የሚነገርም አልቀረም።

ና እንጂ። ምን ትጠብቃለህ?

እህትህ

---

ሚያዝያ 2

ለእትዬ፣

ምን ትጠብቃለህ ላልሽው፣ እንዲህ ነው።

የመጀመሪያውን ገጽ ሳነብ እግሬ ተነስቶ ነበር። ለአለቃዬ ፈቃድ ጠየቅኩ፣ ሰጠኝም። ሻንጣውን አውጥቼ አቧራውን ሳራግፍ ያ ሜዳ፣ ያ ጣት ወደ መሀል ሲጠቁም፣ ቡድኔ ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ ታየኝ። ሻንጣውን መለስኩት።

ከሳቸው ጋር በየቀኑ እጫወታለሁ። ያ ሌላ ነው፣ እዚያ ዱባ ነኝ። በገዛ መልኬ ከመጣሁ ግን አንድ ነገር እፈልጋለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉልኝ፦ ኳሱ አላለፈም ይበሉ። በዚያ መዝገብ ላይ፣ በዳኛ ቋንቋ፣ ፈርመው። ያን ቀን እመጣለሁ።

ድንጋይ ነህ እንደምትዪኝ አውቃለሁ።

ወንድምሽ

---

ሚያዝያ 9

ለአንተ፣

ድንጋይስ ቢያንስ ይታጠባል። ደብዳቤህን አንብቤ እንደ ሰነበተ ሥጋ ከአፍንጫዬ አራቅኩት። አንድ እጃቸው የማይታዘዛቸውን አባትህን መጥተህ እንደመጠየቅ በሪፖርት ትተሳሰባቸዋለህ! ቂም ተይዞ ጸሎት፣ ሳል ተይዞ ስርቆት አሉ። ጠረጴዛው ላይ ጥዬው ወደ ሥራ ሄድኩ። ሆን ብዬ ይሁን ረስቼው፣ አትጠይቀኝ።

ስመለስ ጠረጴዛው ላይ የተቀደደ ገጽ አገኘሁ። ከመዝገቡ አንድም ገጽ ቀደው የማያውቁ ሰው ቀደውታል። እንዲህ ይላል፣ ዋናውን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ፦

«የማስተካከያ ሪፖርት። የመሥሪያ ቤቶች ዋንጫ ፍጻሜ፣ ሰማንያ ዘጠነኛው ደቂቃ። ኳሱ የጎል መስመሩን አላለፈም። ጎሉ የጸደቀው በዋናው ዳኛ ስህተት ነው። በረኛው ጥፋት የለበትም። የዋናው ዳኛ ፊርማ።»

ደስ ሊለኝ በተገባ። አልዋሽህም፣ ዘገነነኝ። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያውቁ ነበር?» አልኳቸው። «ሰው ምን ይለኛል ብለው ልጅዎን ከቤት አስወጥተው፣ እማማ ስሙን እየጠራች ስትሞት ዝም ብለው፣ ይህን ያውቁ ነበር?» ጮህኩባቸው። በሕይወቴ አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ፣ አንድ ቃል አልተከራከሩም። «ወረቀቱን ብቻ ላኪለት» አሉ።

እራታቸውን አቀረብኩና ሌላ ክፍል ሄጄ በላሁ። ይኸው ያልከውን አግኝተሃል። ሁለታችሁም በቅታችሁኛል።

እህትህ

---

ሚያዝያ 16

እትዬ፣

በመጀመሪያ ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂያቸው። ይህን ወረቀት ሳትጨርሺ ሂጂ።

ኳሱ አልፏል።

እኔ ነኝ የማውቀው። ኳሱን ያቀፍኩት ከመስመሩ በስተጀርባ ነው፤ መረቡ ክርኔን ነክቶታል። ደረቴ ላይ ለጥፌው ወደ ፊት ተንከባለልኩና መስመሩ ላይ ቆምኩ። ከሁለት ሜትር ላይ ሆነው እያዩኝ ነበር። ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ ወደ መሀል ጠቆሙ። ጓደኞቼ ሁሉ ሲከቡኝ አፌ ቀደመኝና «አላለፈም!» አልኩ። አንዴ ካልኩት በኋላ ማለት ነበረብኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔ ሞኙ ነበርኩ። እማማ ስትጠይቀኝም አላለፈም አልኳት። ዓይን ያወጣ ውሸት ለምዶብኝ እኔም ላምነው ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ወረቀቱን አንብቤ አጠፍኩት፣ ዘርግቼ ደገምኩት። ሠላሳ ዓመት የሐሰት ሪፖርት ጽፈው የማያውቁ ሰው፣ ማንም በማያይበት ራሳቸውን አስር ሰከንድ የሚቀጡ ሰው፣ እኔን ለማየት ብለው ዋሹ። ፈረሙበትም። አንቺም ስትጮኺባቸው ዝም ያሉት ለኔ ነው። የኔን ቆሻሻ በእጃቸው አነሱት፣ በዚያችው በአንዷ እጅ። አንቺ አይጥ አይተሽ የሚሰማሽ ዛሬ መስታወት አይቼ ተሰማኝ።

ዛሬ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ገባሁ። እንግዳ 41 ነበሩ። ጨዋታው ሲጀመር ሁለቱንም እጄን አንስቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። አስር ሰከንድ አለፈ። ሃያ አለፈ። ሁለት መኪና ጡሩንባ ይነፋብኛል፤ እኔ አልተነሳሁም። ያቺ የኔ ዱባ ጎል አፍ ላይ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ አፍጥጣ ቆማለች።

እሳቸው ኳሷን እየገፉ መጡ። ማግባት ይችሉ ነበር። መስመሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። እጃቸውን አንስተው ይሁን አይሁን እኔ አላይም። ሁለት ጭንቅላት፣ አንድ ኳስ፣ ማንም አይንቀሳቀስም። ሰዓቱ አምስት ሰከንድ ሲቀረው ያቺ ጫማ ተነሳች። የሳቸው ጫማ ነች፣ እትዬ! ኳሷን ወደ ጎሉ አልመቷትም፣ ወደ ላይ አነሷት፤ ጭንቅላቴ ላይ ወርዳ ነጠረች። ዜሮ ለዜሮ አለቀ። ሚዛኑ ክፍል ውስጥ ጮኼ አለቀስኩ። ሾፌሮቹ ዘመድ የሞተብኝ መስሏቸው ተሰብስበው ገቡ።

ፈቃዴን መልሼ ጠይቄያለሁ።

ወንድምሽ

ያችን ወረቀት ልቅደዳት?

---

ሚያዝያ 17

ለጓንቴ፣

ሾፌሩ ሌሊቱን ነድቶ ነው ያመጣልኝ፤ ፖስታው ዛሬም እንደ ወፍጮ ቤት አቧራ ለብሷል፤ ዛሬ ግን አላራገፍኩትም።

ሁለተኛውን መስመር ሳነብ ወረቀቱን ጥዬ ሄድኩ። አባባ መስኮት ሥር ነበሩ። እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ይቅርታ አልኩ። «ተነሺ፣ ወለሉ ያልተወለወለ ነው» አሉኝ። አየህ፣ ሲቀልዱብኝ ነው።

ትናንት ምን አሉ ብለህ መጠየቅህ አይቀርም። ያኔ ከኋላቸው ቆሜ ነበር። ዱባህ ድርቅ ስትል እኔ ኢንተርኔቱ የተቋረጠ መሰለኝና ገመዱን ልነካካ ጎንበስ አልኩ። «ተዪው፣ እየቆጠረ ነው» አሉኝ። አስር ሲያልፍ፣ ሃያ ሲያልፍ፣ ከንፈራቸው ከአንተ ጋር ይቆጥራል። ስልሳ ላይ «ጥፋቱን አመነ» አሉ። ቀኝ እጃቸውን አነሱ፤ ግራዋ ግን ኪቦርዱ ላይ ቀረች፣ ማንሳት ስላልቻሉ መሰለኝ። አውራ ጣታቸው ስትንቀጠቀጥ አየኋት። ረጅሙን ቁልፍ ስትመታው ድምፁን ሰማሁት። እሳቸው ጣታቸውን እያዩ ሳቁ፣ እኔ አለቀስኩ፣ በአፍንጫዬ የወረደው ነገር ሁሉ ኪቦርዱ ላይ። ከማርማላታ የባሰ ነው። ገና አላጸዳሁትም።

እንግዲህ የመጨረሻ ጥያቄህን ልመልስ። ያችን ወረቀት ልቅደዳት ብለሃል፣ ከፊርማህ በታች፣ በጉንዳን ፊደልህ። ጠየቅኳቸው። አትቀደድም አሉ። «የሐሰት ሪፖርት የሚሰረዘው ዳኛውም በረኛውም ባሉበት ነው፤ ይዟት ይምጣ፣ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ሰርዘን ሁለታችንም እንፈርምበታለን» አሉ። ከመዝገቡ የተቀደደውን ቦታ በጣታቸው እያሻሹ ነው ይህን ያሉኝ።

ስለዚህ ና። ስትገባ ጫማህን ውጭ አራግፍ፣ ሻንጣህንም። ኪቦርዱን ከመንካትህ በፊት ግን እጅህን ታጠብ። እሳቸው ታጥበው ተቀምጠዋል።

እህትህ